ወፍጮ ቤት ከኋላ ወንበር

(የመክፈቻ ሙዚቃ ገብቶ ዝቅ ይላል)

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በኢንተርኔትም ከዴንቨርና ከሚኒያፖሊስ የምታዳምጡን፣ ዛሬ ስለ ጎማ እናወራለን። ቤተሰብ የሚጭን መኪና ላላችሁ፣ አራቱንም ጎማ የምትቀይሩበት ጊዜ ለደረሰባችሁ። "ዝም የሚል፣ ቶሎ የማያልቅ፣ በጋም ክረምትም የሚያስኬደኝ የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰናል። ስትደውሉ የምትፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያ ስም ነው። ስሙን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የእናቴን ነገር ላጫውታችሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው ትንሿ ልጄ ክርስትና ስትነሳ ነው። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስወስዳት ከኋላ፣ ከልጆቹ መሀል ተቀመጠች። መኪናችን ቶዮታ ሲዬና ነው። ቤልትዌይ ላይ ወጥተን ስልሳ ማይል እንደያዝኩ ወሬዋን አቆመች። ደክሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ፣ "ልጄ፣ ይሄ መኪናህ እህል ይፈጫል እንዴ? ወፍጮ ቤት የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ" አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ሬዲዮውን ዘግቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዳመጥኩ። እውነቷን ነው። ዉዉዉ የሚል፣ ፍጥነት ስጨምር ከፍ የሚል፣ ስቀንስ ዝቅ የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ለካ እኔ ከፊት ተቀምጬ፣ ዘፈን ከፍቼ፣ ስንት ወር ሳልሰማው ኖሬያለሁ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ነድተው አዩትና "የኋላው ኩሽኔታ ሄዷል" አሉኝ። ተቀየረ። ከ300 ዶላር በላይ ከፍዬ ወጣሁ። ቤልትዌይ ላይ ስደርስ ወፍጮው እንደ ድሮው ይፈጫል።

ነገሩን ያወቀልኝ አንድ ወዳጄ ነው። አገር ቤት እያለ ጎሚስታ ነበር፤ ካላማዳሪ ሲለጥፍ ያደገ ሰው። መኪናውን አላስነሳም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንደቆመ ከኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለና "እጅህን ወዲህ አምጣ" አለኝ። መዳፌን ጎማው ጥርስ ላይ አስቀምጦ ወደ ፊት ሳበው፤ ለሰለሰ። ወደ ኋላ መለሰው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ጫፉ እየቆመ እንደ መጋዝ ያዘኝ። "ይኸው ወፍጮህ" አለኝ። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ላይ የኋላዎቹ ጎማዎች ጭነታቸው ቀላል ነው፤ ዝም ብለው ይጎተታሉ። ቦታ ሳይቀያየሩ ብዙ ከተነዱ፣ አላይመንቱም ትንሽ ከተዛባ፣ እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል። እኔ ደግሞ ከ20,000 ማይል በላይ ሳላዟዙራቸው ነድቻለሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ያንን ጎማ የገዛሁት ጸጥተኛ ነው ተብሎ ተመስክሮለት ነው። ጸጥተኛም ነበር፣ አንድ ዓመት ያህል። ጎማ ሻጩ የሚነግራችሁ፣ ገዢውም ደስ ብሎት የሚመሰክረው የአዲስ ጎማ ድምፅ ነው። አዲስ ሆኖ የሚጮህ ጎማ ዛሬ ከባድ ጭነት ለሚጭን ፒክአፕ ካልሆነ እምብዛም አታገኙም። ቤተሰብ የሚጭን ሰው ሊጠይቅ የሚገባው የሦስተኛውን ዓመት ድምፅ ነው። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

እስቲ ድምፁን ስሙት።

(ድምፅ 1፦ ከመኪናው የኋላ ወንበር የተቀዳ፣ በሰዓት 60 ማይል፣ 10 ሴኮንድ)

ይሄ ያ አሮጌው ጎማ ነው። አሁን ደግሞ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት።

(ድምፅ 2፦ ከአዲሱ ጎማ ጋር፣ 10 ሴኮንድ)

ሁለተኛውም ዝም አላለም፤ ሹሹታ አለው። ግን ሹሹታ ጆሮ አይወጋም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጭብጨባ አስቡ። ሠርግ ላይ መቶ ሰው በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ምቱ ከሩቅ ይለያል፤ ቆጥራችሁ ትደንሱበታላችሁ። ያው መቶ ሰው ንግግር ሲያልቅ እንደየፍጥነቱ ሲያጨበጭብ ግን ዝናብ የሚወርድ ይመስላል እንጂ ምት የለውም። የጎማ ጥርስም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ አስፋልቱን በተራ ይመታል። ሁሉም እኩል ስፋት ቢኖራቸው በእኩል ጊዜ እየመቱ አንድ ቅኝት ያወጣሉ፤ እንደ ዋሽንት ይጮሃሉ። ስለዚህ ጎማ የሚነድፉ መሐንዲሶች ጥርሱን አንዱን ጠበብ፣ ሌላውን ሰፋ፣ ሦስተኛውን መካከለኛ አድርገው በተበታተነ ቅደም ተከተል ይደረድሩታል። ጎማችሁን ዝቅ ብላችሁ ብታዩት ይሄ በዓይን ይታያል፤ ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች እኩል አይደሉም። የእኔ ጎማ እንደ መጋዝ ሲሆን ግን የተበተነው ጭብጨባ ተሰብስቦ የሠርግ ጭብጨባ ሆነ።

ሌላም የድምፅ ምንጭ አለ። በጥርሶቹ መሀል ያሉት ቦዮች አስፋልት ላይ ሲያርፉ ነፋስ ይጨምቃሉ፣ ሲነሱ ይለቁታል፤ መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ ብታጨበጭቡ የምትሰሙት ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ደግሞ ጎማው ራሱ ከበሮ ነው። በውስጡ ያለው ነፋስ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መገጣጠሚያ በተመታ ቁጥር "ድም" ይላል። ይሄንን ለማፈን አንዳንድ ጎማዎች ከውስጥ ስፖንጅ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ፤ ቴስላ የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሚስማር ሲወጋው ስፖንጁን ገፎ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ "እኛ አንሠራውም" ብሎ የሚመልሳችሁ ሱቅ ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን ጠይቁ።

አውሮፓ ዘመድ ያላችሁ፣ እዚያ የሚሸጥ ጎማ ላይ ከ2012 ጀምሮ የድምፅ ልኩ በዴሲቤል ይለጠፋል። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለ መለያ የለም። ቢኖርም ብዙ ባልጠቀመን፤ የአውሮፓው ልክ የሚለካው ከመንገድ ዳር ቆሞ መኪናው ሲያልፍ ነው እንጂ ከኋላ ወንበር ከእናቴ ጎን ተቀምጦ አይደለም።

ኩሽኔታ ወይስ ጎማ የሚለውን ደግሞ ገንዘብ ሳታወጡ ትለያላችሁ። ድምፁ አዲስ አስፋልት ላይ ስትገቡ የሚለወጥ ከሆነ፣ ከሸካራ ኮንክሪት ወደ ለስላሳ አስፋልት ስታልፉ የሚቀንስ ከሆነ፣ ጎማችሁን ጠርጥሩ። መንገዱ ባዶ ሆኖ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ ስታዘነብሉ ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው ነው። እኔ ይሄንን ባውቅ ኖሮ ሦስት መቶ ዶላሬ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ምርጫው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ የቻለ ሰው ሻጭ አያታልለውም፤ ቢያንስ በቀላሉ አያታልለውም። ለምሳሌ ካምሪ የምትነዱ ብዙዎቻችሁ ጎማችሁ ላይ "215/55 አር 17" ከዚያም "94 ቪ" የሚል ታገኛላችሁ። 215 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ቸርኬያችሁ ትልቅ ሲሆን ያ የጎን ቁመት ያጥራል፤ ጎኑ ያጠረ ጎማ ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ የሚመጥበት ላስቲክ የለውም፣ ድንጋጤውንም ድምፁንም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። "ባለ 18 ቸርኬ ያምራል" ብላችሁ የቀየራችሁ፣ ጸጥታን በመልክ ለውጣችኋል። የኔ ምርጫ አይደለም።

94 የጭነት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ቪ የፍጥነት ፊደል ነው፤ በሰዓት 149 ማይል። ኤች 130 ነው፤ ቲ ደግሞ 118። ማናችንም በዚያ ፍጥነት አንነዳም፤ ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀት የሚችልበትን አቅምና መሪ ላይ ያለውን ጥብቀትም ይናገራል። ደንቡ አጭር ነው፦ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ከሚታየው ምልክት ላይ ከተጻፈው የጭነት ቁጥርና የፍጥነት ፊደል አትውረዱ። ሻጩ "ይሄ ርካሽ ነው፣ ይገጥማል" ቢላችሁ፣ መግጠምና መሸከም ይለያያሉ በሉት።

ከዚያ ዲ.ኦ.ቲ የሚለውን ፈልጉ። በመጨረሻው ያሉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 1425 ቢል፣ በ2025 በ14ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሙሉው ቁጥር አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ከተገጠመ ቁጢጥ ብሎ በባትሪ ማየት ይጠይቃል። ልብስ እንዳይቆሽሽ ብላችሁ አትተዉት። "አዲስ" ብለው ሦስት ዓመት መጋዘን የቆየ ጎማ ሊገጥሙላችሁ ይችላሉ፤ ላስቲክ ደግሞ ሳይነዳም ያረጃል።

ሌላው ጎኑ ላይ የምታገኙት "ትሬድዌር" የሚል ቁጥር ነው፤ 500፣ 600፣ 800። ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ ያመለክታል። ፈተናው የሚካሄደው ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጄሎ በምትባል ከተማ ዙሪያ ባለ የ400 ማይል መንገድ ላይ ነው፤ መኪኖች ተከታትለው በአጠቃላይ 7,200 ማይል ይነዳሉ፣ ያለቀው ጥርስ ይለካና ቀሪው በስሌት ይገመታል። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ራሱ አምራቹ ነው። ስለዚህ የአንድ ኩባንያን 500 ከዚያው ኩባንያ 800 ጋር ማወዳደር ይቻላል፤ የአንዱን 780 ከሌላው 800 ጋር አወዳድሮ መወሰን ግን በሰው ሚዛን ቡና እንደመመዘን ነው።

አሁን ስለ "ኦል ሲዝን"። ይሄ ዓይነት ጎማ አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው በ1977 ነው፤ ጉድይር "ቲየምፖ" ብሎ ያወጣው። ከዚያ በፊት ሰው በኅዳር የበረዶ ጎማ አስገጥሞ በመጋቢት ያስወልቅ ነበር። አንድ ጎማ ዓመቱን ሙሉ ማለት ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ስሙ ከጉልበቱ ይበልጣል። ጎኑ ላይ "ኤም" እና "ኤስ" የሚሉ ፊደላት አሉ፤ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ያንን ፊደል ለማግኘት ጎማው በረዶ ላይ መፈተን የለበትም፤ የጥርሱና የቦዩ አሠራር መስፈርቱን ካሟላ ይበቃዋል። በረዶ ላይ በእርግጥ የተፈተነው ሌላ ምልክት ያለበት ነው፦ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሀሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። እሱም ቢሆን የሚፈተነው በተረገጠ በረዶ ላይ ተነስቶ መሄድ መቻሉ ነው። ብላክ አይስ በሚባለው ስስ ግግር በረዶ ላይ ስለ ማቆም የሚለው ነገር የለም።

እዚህ አካባቢ ከቆያችሁ ጃንዋሪ 20 ቀን 2016ን አትረሱትም። አንድ ኢንች ገደማ በረዶ ነው የወረደው። መንገዱ ጨው ስላልተረጨበት ሁሉም ነገር ቆመ፤ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የገባ ሰው ነበር፤ የፕሬዝዳንት ኦባማ አጀብ እንኳ ተቸግሯል። የታክሲ ሹፌር የሆነ ጓደኛዬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንዲት ትንሽ ዳገት አራት ጊዜ ሞክሮ፣ በአራተኛው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ሄደ። ጎማው ሊሾ አልነበረም፤ ግማሽ ያለቀ ኦል ሲዝን ነበር።

ስለዚህ ምን እላለሁ? እዚህ በዲሲ አካባቢ የምትኖሩ፣ እቤት መቀመጥ የምትችሉ፣ በረዶ ሲወርድ ትምህርት ቤት የሚዘጋላችሁ፣ ተራ ኦል ሲዝን ይበቃችኋል። ነርስ የሆናችሁ፣ በረዶም ቢወርድ ፈረቃችሁ የማይሰረዝ፣ የተራራው ምልክት ያለበትን "ኦል ዌዘር" የሚባለውን ውሰዱ፤ ትንሽ ይጮህ ይሆናል፣ ግን ያደርሳችኋል። ኮሎራዶ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ አይ 70ን ወደ ተራራው ከወጣችሁ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ሕጉ ስለ ጎማችሁ ግድ ይላችኋል፤ ከመውጣታችሁ በፊት መስፈርቱን አንብቡ። ሚኒሶታ ያላችሁ ከእኔ ምክር አትፈልጉም፤ የበረዶ ጎማችሁን ይዛችሁ ትኖራላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዕድሜው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ እህታችን ባለፈው ሳምንት ደውላ "85,000 ማይል ዋስትና ያለው አገኘሁ፣ ልግዛው?" አለችኝ። "በዓመት ስንት ትነጃለሽ?" ስላት ልጆች ማድረስ፣ ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን፤ ደማምረን ወደ 7,000 ማይል ወጣ። ሰማንያ አምስት ሺውን ለሰባት ስናካፍለው አሥራ ሁለት ዓመት። ጎማ አሥራ ሁለት ዓመት አይኖርም። ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በየጊዜው ማስመርመር፣ ከአሥር በኋላ ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም መጣል ነው። ዋስትናው ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ዓመት በላይ አይሄድም። እሷ የምትከፍልበትን 40,000 ማይል አትነዳውም። ለእሷ የሚሻላት ላስቲኩ ለስለስ ያለ፣ ዝናብ ላይ የሚይዝ፣ ጸጥ ያለ ጎማ ነው። ቶሎ የማያልቅ ላስቲክ ጠንከር ያለ ነውና እርጥብ መንገድ ላይ መያዝን በጥቂቱም ቢሆን ይከፍልበታል። ሲሊካ ላስቲክ ውስጥ መግባት ከጀመረ ወዲህ ሁለቱ ተቀራርበዋል፤ አንድ ግን አልሆኑም።

ኡበር የሚነዳ፣ በዓመት 40,000 የሚፈጅ ወንድማችን ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሱ ረጅሙን ዋስትና ይያዝ። ሒሳቡን እንሥራው፤ ዋጋውን ለምሳሌ ያህል ነው የማወጣው። አንዱ ጎማ 120 ዶላር ሆኖ 45,000 ማይል ቢቆይ፣ ሌላው 190 ሆኖ 75,000 ቢቆይ። የአራቱን ማስገጠሚያ 100 ዶላር እንበል። ርካሹ 580 ዶላር ለ45,000፤ በማይል 1.3 ሳንቲም ገደማ። ውዱ 860 ለ75,000፤ በማይል 1.15 ሳንቲም። ውዱ ረከሰ፤ ጎማ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያጠፋው ግማሽ ቀንም ተረፈው።

ስለ ዋስትናው ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ጎማው ቀድሞ ቢያልቅ ገንዘባችሁን በሙሉ አይመልሱም፤ ያልተነዳው ማይል ተሰልቶ ከሚቀጥለው ጎማ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ በየጊዜው አዟዙራችሁ እንደነበር የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቃሉ፤ ጥርሱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ማለቅ አለበት። እኔ ያንን መጋዝ ጎማ ይዤ ዋስትና ብጠይቅ መልሱ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

እሺ፣ ስም። ቃል ገብቻለሁ። በብዙ የቤተሰብ መኪና ልክ የወጡ፣ ሥራቸው የታወቀ ጎማዎች ናቸው። ሚሽላን ዲፌንደር 2 ዋስትናው 80,000 ማይል ነው። ብሪጅስቶን ቱራንዛ ኳየትትራክ እንዲሁ 80,000፤ ስሙም የወጣለት በጸጥታ ነው። ኮንቲኔንታል ትሩኮንታክት ቱር በቲና በኤች ፊደል 80,000። ጉድይር አሹራንስ ማክስላይፍ 85,000። የተራራ ምልክት ካላቸው ሚሽላን ክሮስክላይሜት 2፣ 60,000። ብዙ ለሚነዳ ሰው እኔ ዲፌንደሩን ነው የምለው። ትንሽ ለሚነዳና ልጆች ከኋላ ለሚያስተኛ ኳየትትራኩን። ክሮስክላይሜቱ በረዶና ዝናብ ላይ ያስደስታል፤ እንደ ቀስት የተሰካካ ጥርሱ እያለቀ ሲሄድ ግን ድምፅ ማውጣት ይወዳል፤ ይሄን አውቃችሁ ግዙት።

መኪናውን ስትገዙ አብሮት የመጣው ጎማ ቶሎ ካለቀባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ፋብሪካው ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ ቀለል ያለ ጎማ ያስገጥማል። "ያንኑ ስጡኝ" ማለት ግዴታ አይደለም።

አሁን በቆማችሁበት የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ። መኪናችሁን አቁማችሁ ከሆነ የምታዳምጡኝ ከኪሳችሁ ኳርተር አውጡ። የዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች አድርጋችሁ በጥርሶቹ መሀል ባለው ቦይ ውስጥ አስገቡት። የጭንቅላቱ ጫፍ ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ሙሉ በሙሉ ከታየ የቀረው ከኢንች 4/32ኛ ወይም ያነሰ ነው። አዲስ ጎማ 10/32ኛ ገደማ ይጀምራል፤ ሕጉ የሚከለክለው 2/32ኛ ሲደርስ ነው፤ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርመራ ላይ የሚጥላችሁም በዚያ ነው። ዝናብ ግን ሕግ አያውቅም። አራት ላይ ሲደርስ ቦዩ ውኃውን መዋጥ ያቅተዋል፤ አይ 66 አውራ ጎዳና ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲያገኛችሁ መሪው በድንገት ቀሎ በእጃችሁ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ መሪ አትጠምዝዙ፣ ፍሬንም አትርገጡ፤ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ።

ሁለት ጎማ ብቻ ለመቀየር ከተገደዳችሁ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። "መኪናው የሚነዳው በፊት ነው" ብለው ይከራከሯችኋል። ፊቱ ከተንሸራተተ ፍጥነት ቀንሳችሁ ትመልሱታላችሁ፤ ኋላው ከተንሸራተተ መኪናው ይሽከረከራል።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፣ የሦስተኛውን ዓመት ድምፅ የሚወስነው ግን እሱ ነው። በየ5,000 ወይም በየ7,500 ማይል አዟዙሩ፤ ዘይት ስታስቀይሩ አብራችሁ። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ላይ የፊቶቹ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹ ግራና ቀኝ ተቀያይረው ወደ ፊት። አቅጣጫ የተሰጠው ጎማ ከሆነ፣ ጎኑ ላይ ቀስት አለው፣ በዚያው ጎን ብቻ ከፊት ወደ ኋላ። ጎማውን የሸጡላችሁ ትልልቅ መደብሮች ብዙዎቹ ይሄን በነጻ ይሠራሉ፤ ሰው ግን አይሄድም። አዲስ ጎማ ስታስገጥሙ አላይመንት አስለኩ፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ጉድጓድ ሲሞላም እንደገና።

ነፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ለኩ። ልኩ የሚገኘው የሹፌሩ በር ላይ ነው፤ 35 ፒ.ኤስ.አይ እንበል። ጎማው ጎን ላይ ያለው 44 ወይም 51 ጎማው ከዚያ በላይ አይችልም የሚል ጣሪያ ነው፤ ያንን የሚሞሉ ሰዎች አሉ፣ ከዚያ መኪናው ድንጋይ ላይ የሚሄድ ይመስላቸዋል፣ የጎማው መሀልም ቀድሞ ያልቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር አንድ ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳል፤ ኅዳር ላይ ቢጫው መብራት የሚበራባችሁ ለዚህ ነው። መብራቱ ግን የሚበራው ሩቡ ከጎደለ በኋላ ነው፤ 35 የነበረው 26 ሲደርስ። እስከዚያ ጎማችሁ ዳርና ዳሩ እየተበላ ነው።

ሰዓታችን እየሄደ ነው፤ አንድ የጽሑፍ መልእክት አንብቤ ላብቃ። ከአሌክሳንድሪያ ነው። "ካምሪዬ ላይ አዲስ ጎማ አስገባሁ። ግማሽ ያለቁ አራት አሮጌ ጎማዎች አሉኝ። አዲስ አበባ ለወንድሜ ቪትዝ በኮንቴይነር ልላክለት ወይ?" ይላሉ። ወንድምዎን ማሰብዎ ደስ ይላል። የቪትዝ ጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ 165/70 ባለ 14 ቸርኬ ነው፤ የእርስዎ ባለ 17 ነው፤ አይገባለትም። ቢገባለትም እርስዎ የጻፉልኝ የዲ.ኦ.ቲ ቁጥር 3316 ነው፤ በ2016 በጋ የተሠራ። ባሕሩን ተሻግሮ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ሲደርስ ሊገጠም ሳይሆን ሊጣል የደረሰ ጎማ ነው። የማጓጓዣውን ገንዘብ ይላኩለት፤ እዚያው በልኩ አዲስ ይግዛ። ሲገዛ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ አራቱን ቁጥሮች እንዲያነብ ይንገሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፍሬን ሸራ እንጨዋወታለን። የሚጮኸው መቼ እንደሚያሰጋ መቼ እንደማያሰጋ፣ ድምፁን ቀርጸን እንመጣለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)